ለቤት ያልተረፈ ድምፅ

ሰው ድምፅ ብቻ ከሰማ አካሉን ራሱ ይሠራለታል። የኛ ሬዲዮ ጣቢያ አድማጮችም «የማለዳ እናት» የሚሏትን ሴት ረዥም፣ ሞላ ያለች፣ ትከሻዋ ላይ አገር ተኝቶ የሚያድርባት አድርገው ሠርተዋት ነበር። አንድ ቀን ከሩቅ የመጣ ገበሬ በሩ ላይ ቆሞ «የማለዳ እናትን አሳዩኝ» አለ። በኮሪደሩ የምታልፈውን ሴት ጠቆምኩት፤ አጭር፣ ቀጭን፣ መነጽሯ በገመድ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ፣ እርምጃዋ እንዳይሰማ የጎማ ጫማ ያደረገች። ሰውዬው አያት፣ እኔንም አየኝ። «ወንድሜ፣ በሽበቴ አትቀልድ» አለኝ። እሷ ሰምታ ዞረችና «እንደምን አደርክ፣ ልጄ» አለችው። ኮፍያውን አውልቆ እዚያው አለቀሰ።

እኔ የጣቢያው የድምፅ ቴክኒሻን ነኝ። ሽቦ ነው የሚሉኝ፤ ስለ ሥራዬም ስለ ቅጥነቴም። ዕድሜዬ ያለቀው ከመስታወቱ ወዲህ ተቀምጬ ሰባኪ ሁሉ በየተራ ጉሮሮውን ሲጠርግብኝ ነው። ሰባኪ «በመጨረሻም» ካለ በኋላ ገና ብዙ እንደሚቀረው ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም። እሷ ግን ጨረስኩ ካለች ጨረሰች ማለት ነው። ለዚህ ብቻ እንኳ ባከብራት አይበዛባትም። ደግሞ እወዳት ነበር፤ እንደ ታላቅ እህት።

ጣቢያው የተጀመረው በጸሎት ቤቱ ጓሮ፣ ትርፍ አግዳሚ ወንበር የሚከመርበት ክፍል ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ የእንቁላል ትሪ ለጠፍን፣ በሩ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ሰቀልን፣ ስቱዲዮ አልነው። ማሰራጫው ሌላ ጣቢያ ያረጀ ብሎ የጣለው ነበር። ሞገዳችን ወንዙን አይሻገርም። ዝናብ ከመጣ የቆርቆሮው ጣሪያ ስለሚጮህ ስብከቱን አቋርጠን መዝሙር እንለቃለን፤ ስብከቱ ረዥም በሆነ ቀን እኔ በልቤ ዝናብ እለምን ነበር። ያኔ ሁሉም ነገር በቀጥታ ነው የሚተላለፈው። ካፍ የወጣ አፋፍ፤ የሚቆረጥ፣ የሚስተካከል የለም።

መሥራቹ መጋቢ መጀመሪያ ሁሉንም ራሳቸው ያነቡ ነበር። አንድ ቀን ስልክ ሊደውሉ መነጋገሪያውን ሲያነሱ የስልክ ቤቷ ልጅ «ይጠብቁ፣ አገናኝዎታለሁ» አለቻቸው። መጋቢው የሚደውሉለትን ሰው ረሱት። «ይቺ ልጅ ጠብቅ ካለችኝ ዕድሜ ልኬን ብጠብቅ አይከፋኝም» አሉን። በማግስቱ ስልክ ቤት ሄደው አገኟት። ሹፌር ባሏ በመኪና አደጋ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም፤ አንዲት ጡት ያልጣለች ሴት ልጅ ነበረቻት። መጋቢው የማለዳውን ጸሎት እንድትመራ ጠየቋት። «እንደምን አደራችሁ፣ ልጆቼ» ብላ ጀመረች። ራሷ ልጅ ነበረች፤ ግን የሳቀባት ሰው አላየሁም።

ድምፁ ወፍራም ቢመስልም ጉሮሮዋ ደካማ ነበር። ሥራ በጀመረች በጥቂት ጊዜ ውስጥ ድምፅዋ ድርግም አለ። ሐኪሙ የድምፅ አውታሮቿ ስስ እንደሆኑ ነገራት፤ ለሬዲዮ የምትፈልገው ከሆነ ሌላ ቦታ እንድትቆጥበው መከራት። ሐኪሙ ምክር ነው የሰጣት፣ እሷ ግን እንደ ስለት ያዘችው። ከስቱዲዮ ስትወጣ አፏ ይዘጋል። መጀመሪያ የማለዳው ጸሎት ብቻ ነበር፤ ቀጥሎ የቀትር ደብዳቤዎች መጡ፣ ቀጥሎ የልጆች ዝግጅት። ቀኑ እየሞላ ሲሄድ ለቤት የሚተርፍ ድምፅ ጠፋ። ልጇን በምልክት ነበር የምታሳድጋት። ማጨብጨብ ነይ ማለት ነው፣ ጠረጴዛ ማንኳኳት ብዪ ማለት፣ መዳፍ ከፍ ማድረግ ቆይ ማለት።

የልጆች ዝግጅት ብቻ፣ የቴፕ መቅጃ ካገኘን ወዲህ፣ ከሰዓት በኋላ ተቀድቶ ማታ ይተላለፋል። አንድ ምሽት የቤቷን ሬዲዮ ገመድ ልቀጥልላት ሄጄ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። እናትና ልጅ እራት ቀርበዋል። ሬዲዮው «እንደምን ዋላችሁ፣ ልጆቼ? ዛሬ ትምህርት ቤት ምን ተማራችሁ?» አለ። ልጅቷ ከወንበሯ ወርዳ ወደ መደርደሪያው ሄደችና «መደመር ተማርን፣ እማዬ» አለችው፤ ለሬዲዮው። እናቷ ከኋላዋ ተቀምጣ ሾርባ ታቀዘቅዝላታለች። ፈገግ ብላ ታያታለች፣ ዓይኗ ፍቅር ነው፣ አፏ ግን ዝም። እኔ አዋቂው ሰው እንኳ ወደየትኛዋ እንደምዞር ጨነቀኝ።

ጎረቤት «የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» ይላት ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሷ አልሰማችም። ውሸታቸውን ነው፤ ቀጋ አልነበረችም፣ ልጇን አንድ ቀን ቆንጥጣ አታውቅም። ዝም ብቻ ነበረች። ለሕፃን ልጅ ግን ዝምታም ይወጋል፤ ይህን ያወቅሁት ዘግይቶ ነው።

ልጅቷ ትምህርት ቤት በገባች ዓመት መንግሥት ተለወጠ። አዲሶቹ ሰዎች ሬዲዮ ለመንግሥት ብቻ ነው አሉ። ወታደሮች በማለዳው ጸሎት መካከል ገቡ። እሷ «አሜን» እስክትል እንኳ አልጠበቁም፤ የማሰራጫውን ገመድ ነቀሉ፣ ሁላችንንም አስወጡና በሩን በቀይ ሰም አሸጉ። መጋቢውን ይዘው ሄዱ። ሕዝቡ አጥሩ ላይ ተደግፎ አለቀሰ። እኔ የእንቁላል ትሪው ምን ወንጀል ሠራ እያልኩ ስሳደብ ዋልኩ። መጋቢው ከዓመታት በኋላ ሳንባቸው አልቆ ተፈቱና ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። የጣቢያውን ዳግም መከፈት አላዩም።

እሷ ክር ፋብሪካ ገባች። በዚያ ጩኸት ውስጥ ስታወራ ሰምቼ «እትዬ፣ ድምፅሽን አትቆጥቢም?» ብላት፣ «ለማን ልቆጥበው?» አለችኝ። እሁድ እሁድ ልጠይቃት ስሄድ ገና ከአጥሩ ውጭ ሳለሁ የሁለት ሰው ሳቅ ይሰማኛል። እናትና ልጅ ይከራከራሉ፤ ድመት ሕልም ታያለች አታይም፣ ዓሣ ውሃ ይጠማዋል አይጠማውም። ልጅቷ እንደ እናቷ አድርጋ «ይጠብቁ፣ አገናኝዎታለሁ» ስትል እናት ሆዷን ይዛ ትስቃለች። እኛ የጣቢያው ሰዎች እነዚያን ዓመታት የመከራ ዘመን ብለን ነው የምንጠራቸው። በዚያ ቤት ግን ሌላ ነገር ነበሩ።

መንግሥት እንደገና ሲለወጥ ሰሙ ተላጠ፣ በሩ ተከፈተ። ግቢው ለሰዉ አይበቃም ነበር፤ መዝሙሩ፣ እልልታው፣ ሽማግሌ ሳይቀር ይዘላል። እሷን አቅፈው ወደ ማይክሮፎኑ ወሰዷት። ልጅቷ አሥራዎቹን ዓመታት ጀምራለች። የትምህርት ቤት ልብሷን እንደለበሰች በሩ ጥግ ቆማ ተንሰቅስቃ ታለቅሳለች። ሴቶቹ እየሳሟት «የደስታ እንባ ነው» አሏት። እኔም አመንኩ።

ከዚያ ወዲያ ጣቢያው አደገ። ምሰሶው ኮረብታው ላይ ወጣ፣ ወንዙን ተሻግረን ሌሎች ወንዞችንም ተሻገርን። እስር ቤት ይሰሙናል፣ ሆስፒታል ይሰሙናል፣ የጭነት መኪና ሹፌሮች ይሰሙናል። እሷም ወደ ዝምታዋ ተመለሰች፤ ከበፊቱም ባሰች። በየዝግጅቱ ልግባ ትላለች፣ ዕረፍት ውሰጂ ስንላት በእጇ እምቢ ትላለች። ልጇ ትምህርቷን ጨርሳ ሌላ ከተማ ፋርማሲ ውስጥ ተቀጠረች። አልፎ አልፎ ትመጣለች፤ የጉሮሮ ከረሜላና ሽሮፕ ይዛ። አንድ ሁለት ቀን ትቀመጥና ትሄዳለች። ልጅ እንዲህ ከእናቷ የምትርቀው ለምን እንደሆነ አንዳንዴ ይገርመኝ ነበር።

ሰውን ውሃ ሲወስደው እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ በሽታው የመጣው በለስላሳው ነው። ድምፅዋ ትንሽ ሻከረ። አድማጮች «በሰለ፣ አማረበት» ብለው ጻፉልን። ቀጥሎ በዓረፍተ ነገሩ መካከል መቆረጥ ጀመረ። ምርመራ ገባች፤ ካንሰር ነው ተባለ። ማንቁርቷ በቀዶ ጥገና ይወጣል፣ ትድናለች፣ ድምፁ ግን አይኖርም። የቀዶ ጥገናው ቀን ተቆረጠላት። እስከዚያ በቀን ጥቂት ጥቂት መናገር ትችላለች፤ ሲደክማት ግን ድምፁ ራሱ ይዘጋል።

የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ወጣት ነው። ያለ እናት ነው ያደገው፤ በልጅነቱ እሱም ለሬዲዮው «ደህና ዋልኩ» ይል እንደነበር ነግሮኛል። ዜናውን ሲሰማ ቢሮውን ዘግቶ አለቀሰ፤ ከዚያ ዓይኑን ጠርጎ ወጣና ሐሳብ ይዞ መጣ። ለዓመቱ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ አንድ የማለዳ ሰላምታ፣ አንድ አንድ ምርቃት ትቅዳልን አለ። እሷ ባትኖርም እንኳ ድምፅዋ አገሩን ሁልጊዜ ይቀሰቅሳል።

«የታሰሩትን አስባቸው፣ ጋሼ» አለኝ። «ሆስፒታል የተኙትን አስባቸው። ማለዳ ሲነቁ ምን ይስሙ?»

ክፉ ሐሳብ ነው ማለት አልቻልኩም። እሷም ተስማማች። የቀረው ድምፅ ለዚሁ እንዲሆን ሁሉም ወሰነ፤ የቤቷን ሰው ግን ማንም አልጠየቀም።

ልጇ ልታስታምማት ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ መጣች። በየቀኑ በታክሲ ይዛት ትመጣለች፣ ከኔ ኋላ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ትቀመጣለች። ከመስታወቱ ወዲያ እናቷ ትቀዳለች። «እንደምን አደራችሁ፣ ልጆቼ። ይህን ማለዳ ያሳየን ጌታ ይመስገን።» ውሃ ትጎነጫለች፣ የሚቀጥለውን ቀን ትቀዳለች። ድምፁ ሲዘጋ መዳፏን ከፍ ታደርጋለች፣ እኔ ቀረጻውን አቆማለሁ፣ ቀሪውን ቀን ቃል ሳይወጣት ወደ ቤት ይሄዳሉ። ሥራ አስኪያጁ ከጎኔ ቆሞ የቀረውን ይቆጥራል። የቀዶ ጥገናው ቀን ደግሞ እየቀረበ ነው።

ግማሹን ዓመት ካለፍን በኋላ አንድ ጠዋት መዳፏ ከፍ ሲል ልጅቷ ከኋላዬ ተነሳች።

«ጋሼ፣ እዚያ ልግባ» አለችኝ።

«ምን ልታደርጊ?»

«እንግዳ የሚቀመጥበት ወንበር አለ አይደል? እዚያ የተቀመጠን ሰው እማዬ ታናግራለች።»

የስቱዲዮ ሕግ አለን። ቀይ መብራት ሲበራ ማንም አይገባም፤ ለሕጉ ከኔ በላይ የሚጮህም የለም። ሥራ አስኪያጁ «አይሆንም፣ ድምፅዋን ታደክሚያታለሽ» ሊል አፉን ሲከፍት ክንዱን ያዝኩት። «ግቢ» አልኳት።

ገብታ ከእናቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ሁለቱም ማይክሮፎኖች ክፍት ነበሩ። እናት የጆሮ ማዳመጫዋን አወለቀች።

«እማዬ» አለች ልጅቷ፣ «ጣቢያውን ያዘጋሁት እኔ ነኝ።»

እናት ግራ ተጋብታ አየቻት።

«አንቺ በልጆች ዝግጅት የልጅ ጸሎት ፈጥኖ ይሰማል አልሽ። በሬዲዮ ነው የነገርሽኝ። እኔ አልጋ ሥር ገብቼ ጌታ ሆይ ሬዲዮውን ዝጋልኝ፣ እማዬን መልስልኝ ብዬ ለመንኩ። ብዙም ሳይቆይ ወታደሮቹ መጡ። መጋቢውን ወሰዷቸው። ከዚያ ሞቱ። ሲከፈት ደግሞ ሁሉም ሲጨፍር እኔ በንዴት ሌላ ጸለይኩ። ድምፅዋን ውሰድባት አልኩ። ይኸው ወሰደልኝ። ለዚህ ነው የምሸሽሽ። ባየሁሽ ቁጥር መጋቢው ይመጡብኛል። አሁን ደግሞ አንቺ።»

እኔ ጭንቅላቴን በእጄ ያዝኩ። አንዲት ሴት ይህን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ተሸክማ መድኃኒት ስትሸጥ፣ ለሰው ስትስቅ ኖራለች። ያስተማርናትን ብታምን እኮ ነው። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ስህተት ሊሳሳት የሚችለው የኛ ቤት ልጅ ብቻ ነው።

እናት ወንበሯን ወደ ልጇ ጎተተች። እኔ በቃ ተዘግቷል ያልኩት ድምፅ ሻካራ ሆኖ ወጣ።

«መጋቢውን ያሰሯቸው ሰዎች ናቸው፣ ልጄ። አንቺ አልጋ ሥር የገባሽ ሕፃን ነሽ።»

«ጸሎቴስ?»

«የኔን ልንገርሽ።» ዋጥ አደረገች፤ እንደሚያማት ፊቷ ላይ አየሁ። «በሩ በታሸገ ማታ አንቺን አስተኝቼ ተንበረከክሁ። ሰው ሁሉ ያለቅሳል። መጋቢው የት እንዳሉ አናውቅም። እኔ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ?»

ልጅቷ ራሷን ወዘወዘች።

«ተመስገን አልኩ። ነገ ከልጄ ጋር ላወራ ነው አልኩ።»

ስንት ዓመት ሙሉ ያቺን ዕለት በየዓመቱ በጸሎትና በለቅሶ አስበናት ነበር፤ ጸሎቱን የምትመራውም እሷው ነበረች።

«ታዲያ ሲከፈት ለምን ተመለስሽ?» አለች ልጇ። ጥያቄው ቁጣ ነበረበት፤ ልክም ነበረች።

«መጋቢው ሲሞቱ ያ ተመስገን ኃጢአት ሆኖ ታየኝ። በደስታዬ የቀበርኳቸው መሰለኝ። ልክሳቸው ብዬ ከበፊቱ አብዝቼ ለጣቢያው ሰጠሁ።» የልጇን ፊት በሁለት እጇ ያዘች። «የካስኳቸው ግን ካንቺ ወስጄ ነው። ይቅር በዪኝ።»

ከዚህ በኋላ ድምፁ ተዘጋ። ግንባራቸውን አጋጥመው ለረዥም ጊዜ ተቀመጡ፤ ማን ማንን እንደሚያባብል አይለይም ነበር።

እነሱ ከሄዱ በኋላ ሥራ አስኪያጁ ኮምፒውተሩን አየ። ቀረጻውን ሳላቆመው ቀርቼ ነበር።

«ሁሉም ተቀድቷል?» አለኝ።

«ተቀድቶ ነበር። አጠፋሁት።»

«ጋሼ! የጣቢያው ታሪክ እኮ ነው!»

«ታሪክማ ነው። የኛ ግን አይደለም» አልኩት። ተቆጣ፣ እኔም ተቆጣሁ፣ ሁለታችንም እያለቀስን ተጯጯህን። ጎረቤት ክፍል የነበረ ሰባኪ ዝም በሉ ብሎ ግድግዳ ደበደበ። በሕይወቴ ሰባኪ ጩኸት በዛብኝ ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ አልመጡም። በሦስተኛውም ቀን አልመጡም። ሥራ አስኪያጁ ከመስታወቱ ፊት ወዲህና ወዲያ ይንቆራጠጣል። ያልተቀዳው ዓመት ገና ብዙ ነው፣ ቀዶ ጥገናው ደግሞ ደርሷል። «እባክህ ደውልላቸው» አለኝ። «በቀን አንድ ሰላምታ ብቻ ትስጠን። አንድ ብቻ።» አሳዘነኝ። እሱም እኮ በራሱ በኩል እናቱን ሊያጣ ነው።

ደወልኩ። ልጅቷ አነሳች። «ሀሎ» ከማለቷ በፊት ከኋላዋ የእናቷን ድምፅ ሰማሁ። የሬዲዮዋ ድምፅ አይደለም፤ የተሰነጠቀ፣ የሚያፏጭ፣ በየመሐሉ የሚጠፋ ነው። ሽንኩርቱ አረረ ትላለች። የልጇ አባት ሽንኩርት ሲከትፍ እንዴት ያለቅስ እንደነበር ትናገራለች፤ ስለ ባሏ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ልጅቷ መነጋገሪያውን እንደያዘች ወደ እናቷ ዞራ «ከዚያስ? ከዚያስ ምን አላት አያቴን?» ትላለች፣ እኔን ረስታኛለች። እናት ጀመረች፣ ሳቋ ቀደማት፣ አሳላት፣ እንደገና ጀመረች። ስሜን ሳልናገር ስልኩን ቀስ ብዬ አስቀመጥኩት።

ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

«ምን አለች? ትመጣለች?»

«አትመጣም።»

«ለምን? ባሰባት? ምን እያደረገች ነው?»

«እያወራች ነው» አልኩት።